በኛ ነው በፈረንጅ?

ጽጌረዳ ሲቆረጥ ግንዱ የሚሸተው እንደ አበባው አይደለም። እንደ ባቄላ እሸት ነው፤ ጥሬ ጥሬ የሚል፣ ትንሽ መረር ያለ። ዛሬ ጠዋት ዙሪክ ዳር ሽሊረን ባለችው በረንዳዬ ላይ መቀሱን ቀጭ ሳደርገው ያ ሽታ መጣና ባለሁበት አቆመኝ። ጎረቤቴ፣ አንዲት የዚሁ አገር ሴትዮ፣ ከማዶ በረንዳ አንገቷን አስግጋ "አሁን? በጁላይ?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ጽጌረዳ በጁላይ አጋማሽ እንዲህ ከሥሯ አትገረዝም። እኔም ካወቅሁት ቆየሁ። ግን እያወቅሁ የደገምኳት አንዲት ስህተት አለችኝ። እሷን ልንገራችሁ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ከወጡት ልጆች አንዷ ነኝ። ጄኔቭ ስገባ ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ ወረቀቴ ላይ ግን ሃያ ሰባት። ጥፋቱ የራሴ ነው። የተወለድሽው መቼ ነው ሲሉኝ "ሰማንያ" ብዬ አረፍኩት፤ በኛ አቆጣጠር ነው ማለት ማን አስታወሰኝ። በአንድ ጠዋት ስምንት ዓመት አረጀሁ። እሱን ለማስተካከል ስንት ወር ደጅ ከጠናሁ በኋላ ማልኩ፤ ከእንግዲህ ቀን የሚባል ነገር ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ በኛ የሚባል ቁጥር ጆሮዬ አይሰማም አልኩ። መሐላዬ ምን እንደሚያመጣብኝ አላወቅሁም።

የስደተኞች መኖሪያችን ሻትሌን ሰፈር ነበር። ከሱ ሁለት ሕንጻ አለፍ ብሎ ምድር ቤት ያለች አንዲት መስኮት ሥር ዘጠኝ ጽጌረዳ የተተከለባት ጠባብ አትክልት ቦታ ነበረች። ግንቦት ላይ ነው፤ ትምህርት ቤት ስሄድ ሁልጊዜ እዚያ ጋ ጎንበስ ብዬ አንዷን ቢጫ ጽጌረዳ አሸት ነበር። አንድ ቀን ከመስኮቱ ውስጥ የሴት ድምፅ፣ ያውም ባማርኛ፣ "አንቺ ልጅ፣ አሽትተሽ ልትጨርሻት ነው ወይ? ይልቅ ግቢ" አለኝ። ክው አልኩ። እትዬን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው።

እትዬና ባላቸው ጋሼ እዚያ ከተማ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ጋሼ ትራም ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ያን ሁሉ ዘመን የእጅ ሰዓታቸውን የሚሞሉት በአዲስ አበባ አቆጣጠር ነው፤ እኩለ ቀን ሲሆን ስድስት ሰዓት። "ትራሙን በፈረንጅ ይነዳል፣ ቤቱን በኛ" ይሉ ነበር እትዬ፤ "እኔ መሐል ቤት ምሳ ያርብኛል።" ጋሼ የአትክልት ጫማቸውን ያስራሉ።

ጽጌረዳን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ብርድ ሲመጣ ሥሯን በአፈር ክምር ማልበስ፣ ብርዱ ሲያልፍ መግለጥ፣ ቅጠሏ ላይ የሚሰፍረውን አረንጓዴ ተባይ በሳሙና ውኃ ማጠብ፣ የጠወለገ አበባዋን ቶሎ ቶሎ መቀንጠስ። "ቅርንጫፉ ላይ ዓይን አለ፤ ይኸውልሽ፣ ይቺ እብጠት" አሉኝ አንድ ቀን እጄን ይዘው። "ወደ ውጭ የሚያየውን ፈልጊና ከሱ ከፍ ብለሽ ትቆርጪያለሽ። ወደ ውስጥ የሚያየው እርስ በርሱ ይጠላለፋል።" እትዬ ከመስኮታቸው ሰምተው "እኛስ ወደ ውጭ አይተን ምን አተረፍን?" አሉ። ጋሼ ቀና አሉና "ጽጌረዳ" አሉ። ሲቀልዱ የሰማኋቸው ያን ዕለት ነው።

ያቺ ቢጫዋ የእትዬ ነበረች። "አደይ" ይሏታል። መስከረም ሲመጣ አደይ አበባ የሌለበት አገር መሮኛል ብለው፣ በቀለም ብቻ የምትመስለውን መርጠው በገዛ እጃቸው ተክለዋታል። ችግሩ ይቺ አደይ መስከረምን አታውቅም። በግንቦት ታብባለች፣ ከዚያ በሐምሌ አንዴ ትደግማለች፣ መስከረም ላይ ቅጠል ብቻ ይዛ ትቆማለች። "እሷም እንደኛ ጊዜው ተምታቶባታል" ይሉ ነበር እትዬ።

በዚያው ዓመት እትዬ ታመው ነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ ለቀዶ ጥገና ወደ ዙሪክ ወሰዷቸው፤ አንዲት ልጃቸው እዚያው አጠገብ ዲቤንዶርፍ ትኖራለች፣ ነርስ ናት። ልጅቷ ጄኔቭ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛ ትናገራለች እንጂ ፊደል አትቆጥርም። ሻንጣ ስናወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝና "ዶክተሮቹ... እማ እስከ ኖኤል አይመስለንም ብለዋል" አለችኝ፣ ዓይኗን ከሻንጣው ላይ ሳታነሳ። እሷ ገናን ኖኤል ነው የምትለው። ሻንጣውን ያዝኩላት።

ጋሼ የቤቱን ቁልፍና አንድ ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ ደብተር ሰጡኝ፤ የጽጌረዳው ሥራ ሁሉ በየቀኑ ተጽፎበታል። እትዬ መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ መስታወቱን ዝቅ አድርገው እጄን ያዙ። "ስመለስ አበባው ላይ ልድረስ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። አደራ።" አደራ ጥብቅ ነው።

ያን ደብተር እንደ መዝሙረ ዳዊት ነው ያነበብኩት። አንድ ገጽ ላይ በጋሼ ቀጥ ያለ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ "15/7። ሁሉም ይገረዙ። ከጉልበት በታች። እጅ አይራራ።"

አሥራ አምስት ሰባት። እኔ መሐለኛዋ፣ ቀን ሁሉ በፈረንጅ ያልኩት፣ ሌላ ነገር በአእምሮዬ ውልብ አላለም። የሰዓታቸውን ነገር አውቃለሁ፤ ግን የፈረንጅ አበባ በፈረንጅ ቀን ይገረዛል እንጂ ሌላ በምን ይገረዛል አልኩ። ጁላይ አሥራ አምስት ጠዋት መቀሱን ይዤ ወጣሁ። ጎዳናው ላይ ያሉት የሊንደን ዛፎች ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታሉ፤ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ዘጠኙም እምቡጥ ይዘዋል፣ አደይ ደግሞ ልትፈነዳ አንድ ሁለት ቀን ቢቀራት ነው። ስልክ ልደውል አልኩና እትዬ የተቀደዱት ትናንት ነው፣ ለአበባ ብዬ ሰው ላስጨንቅ? ብዬ ተውኩት። እጅ አይራራ ተብሏል። ቆረጥኩ። የሕንጻው ጽዳት ኃላፊ፣ ፖርቱጋላዊቷ ሴትዮ፣ ባልዲዋን አስቀምጣ አማተበች። ደብተሩን ከፍቼ አሳየኋት፤ በማታውቀው ፊደል ምን ልታነብልኝ እንደሆነ እንጃ።

ከቆረጥኩ በሁለት ሳምንቱ መጡ። ጋሼ ከመኪናው ወርደው አትክልቱን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዘጠኝ ጉቶ፤ ጫፋቸው ላይ ቀያይ ቡቃያ ብቻ። "ምን ነካሽ፣ ልጄ?" አሉኝ ቀስ ብለው። ሮጬ ደብተሩን አመጣሁና ጣቴን ቁጥሩ ላይ አደረግሁ። አዩት። "መጋቢት እኮ ነው" አሉ። "መጋቢት አሥራ አምስት። በኛ ሰባተኛው ወር መጋቢት ነው።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት በወደድኩ። አደራ በላሁ። ሴትዮዋ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ እሱንም በገዛ እጄ ቆርጬ በባልዲ ጣልኩት። እዬዬዬን ለቀቅሁት። ያኔ ከመኪናው ውስጥ ሳቅ ሰማን። እትዬ የተሰፋ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይስቃሉ። "አታስቂኝ፣ ስፌቱ ይፈታል" ይላሉ እየሳቁ። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ፦ "ሠላሳ ዓመት በኛ በኛ ስትል፣ ይኸው ጉድህ። ልጅቷን አትያት፣ ጥፋቱ ያንተ ነው። በኛ ነው በፈረንጅ? የሚል ሰው እንኳ ጠፋ በዚህ ቤት?" እንባቸውን ጠርገው እኔን ጠሩኝ። "ነይ አታልቅሺ። ተመልሶ ያብባል ወይ?" አሉኝ። ስለማላውቅ ጋሼን አየኋቸው። ጋሼም አላወቁም።

አልጋቸውን መስኮቱ ሥር አዞርንላቸው። ነሐሴን ሙሉ ያቺ መስኮት የቤቱ ሥራ ሆነች። ጋሼ በየጠዋቱ ውጭ ያድሩ ይመስል ቀድመው ይወጡና ወሬ ይዘው ይገባሉ፦ "የአደይ ዓይን ተከፈተ።" "ቅጠሏ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ዞረ።" ቡቃያዋ በረዘመች ቁጥር እትዬ እየቀለሉ ሄዱ። መጀመሪያ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር፣ ከዚያ በትራስ፣ ከዚያ አንገታቸውን ብቻ። ሁለቱ ሲሽቀዳደሙ ማየት ልብ ይሰብራል። እኔ እያጠጣሁ "ቶሎ በይ፣ እባክሽ ቶሎ በይ" እላት ነበር፤ አበባን የሚለምን ሰው አይታችሁ ከሆነ እኔ ነኝ።

የዘመን መለወጫ ዕለት ማለዳ ጋሼ ከውጭ ገቡ። በእጃቸው ብቻ ነይ አሉኝ። ትራስ ደርበን እትዬን ቀና አደረግናቸው። አደይ መስኮቱ ጋ ደርሳለች፤ አራት አበባ ፈክቶ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ቢጫነቱ ነጩ አንሶላ ላይ አርፏል። ሌሎቹም ከኋላዋ ተከፍተዋል። በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጽጌረዳዋ መስከረም አንድ ቀን አበበች። እትዬ ብዙ አዩዋት። ከዚያ ከንፈራቸው ዳር ፈገግታ መጣና "አየህ?" አሏቸው ባላቸውን፤ "በፈረንጅ ተቆርጦ በኛ አበበ።"

እኔ ከዚያ ቀን በላይ የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም። ኅዳር ላይ ቀበርናቸው።

ከዚያ ወረቀቴ ተስተካከለ፣ ዙሪክ ሥራ አገኘሁ፣ ሽሊረን ገባሁ። ጋሼም ብቻቸውን መኖር አቅቷቸው ልጃቸው ጋ ዲቤንዶርፍ መጡ። ከኔ ቤት በባቡር ይሄን ያህል አይደለም። መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ፣ ከዚያ በዓል በዓል ብቻ እሄድ ነበር። የሥራ ፈረቃ እላለሁ፣ ልጆች እላለሁ። ስትሮክ መታቸው ሲባል ሄጄ አየኋቸው፤ አንደበታቸው ተይዟል፣ ፈረንሳይኛውም ጥሏቸው ሄዷል፤ የሚግባቡት በዓይናቸው ነው። ተመልሼ እመጣለሁ አልኳቸው። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል አለፉ።

ከለቅሶው በኋላ ልጃቸው አንድ ትልቅ የሸክላ ማሰሮና ያን ሰማያዊ ደብተር ይዛ ቤቴ መጣች። ማሰሮው ውስጥ አደይ አለች። ከሻትሌን ሲለቁ ነቅለው አምጥተዋት በረንዳ ላይ ሲያሳድጓት ኖረዋል። "ደብተሩን እኔ ማንበብ አልችልም" አለችኝ። "ፓፓ እስከ መጨረሻ ይጽፍ ነበር፤ እያሳየኝ ይቆጣል፣ አልገባኝም። የአበባ ነገር ይሆናል ብዬ ላንቺ።"

ከሄደች በኋላ ገለጥኩት። በየዓመቱ ሁለት መስመር አለ። "15/7 በፈረንጅ። አደይን ቆረጥኩ።" ሥሩ ደግሞ "1/1 በኛ። አበበች።" ያ ሰው፣ ሰዓቱን እንኳ አልለውጥም ያለው፣ በየዓመቱ አንድ ቀን "በፈረንጅ" ብሎ ጽፏል። ገጹን ባገላበጥኩ ቁጥር ፊደሉ እየተጣመመ መጣ። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው የለም።

"15/7 በፈረንጅ። እጄ እምቢ አለኝ። ልጅቱን ጥሩልኝ።"

በዚያ ቤት ይህን የሚያነብ አልነበረም። እኔ ደግሞ በባቡር ቅርብ ነበርኩ።

ዛሬ አሥራ አምስት ነው፣ በፈረንጅ። ለጎረቤቴ ያልኳት "አዎ፣ አሁን ነው" ብቻ ነው። ወደ ውጭ የሚያየውን ዓይን ፈልጌ ከሱ ከፍ ብዬ ቆረጥኩና ደብተሩ ላይ ከጋሼ መስመር ሥር ጻፍኩ፦ መጥቻለሁ።