ግንቡን የዘለለው የመረብ ቤት

ኩዌት፣ ሱራ በሚባል ሰፈር የምሠራበት ቤት ጓሮ አንድ ትልቅ ቁርቁራ አለ። እነሱ ሲድር ይሉታል እንጂ ሸዋ ሮቢት በልጅነቴ ፍሬውን ለቅሜ፣ በቀሚሴ ጫፍ ቋጥሬ የበላሁት ያው ዛፍ ነው። እሾሁም ያው፣ ፍሬውም ያው። እዚህ ቤት የገባሁ ቀን ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ በመስኮት አየሁትና ብቻዬን ሳቅሁ። ማዳም ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀችኝ። የነበረችኝ ዐረብኛ ለመልስ አልበቃ ስላለች ዛፉን በጣቴ አሳየሁና ደረቴን መታ መታ አደረግሁ፤ "የአገሬ ነው" ማለቴ ነበር። እሷ ግን ደረቴን ያመመኝ መስሏት ውሃ ይዛልኝ መጣች።

ከዛፉ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ። የማዳም እናት ቦታ ነበረ። እኚህን እናት ቤተሰቡ ሁሉ "ዩማ" ይላቸዋል፤ "እማዬ" እንደ ማለት ነው። እኔም ዩማ አልኳቸው። ዐረብኛ ለትልቅ ሰው "እርስዎ" ስለማይል በአፌ "አንቺ" እላቸዋለሁ፤ በሆዴ ግን አንድም ቀን አንቺ ብያቸው አላውቅም። እዚህም የምጽፈው ሆዴ እንዳለው ነው።

እኔ ስደርስ ዩማ ጓሮ መውጣት ካቆሙ ዓመት አልፏቸው ነበር። አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ ተርብ አንገታቸው ላይ ነድፏቸው፣ ፊታቸው አብጦ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ሆስፒታል የደረሱት በሩጫ ነው አሉ። ሐኪሙ "ሁለተኛ እንዳይነደፉ" ብሎ አስጠነቀቀ። ማዳም ያንን ቃል ይዛ የጓሮውን በር ቆለፈች፤ ቁልፉንም ከራሷ ቁልፎች ጋር አሰረችው። እናቷን ከመውደዷ ነው። ዩማም ይህን ስለሚያውቁ አይጣሏትም፣ ግን ከመስኮቱ አይነሱም። ከዓስር ሶላት በኋላ ይጠሩኝና "ውጪና እይልኝ፣ ዛሬ ስንት ቡልቡል መጥቷል?" ይሉኛል። ቡልቡል ራሷ ጥቁር፣ ጉንጯ ነጭ የሆነች ትንሽ ወፍ ናት። ቁልፉን ከማዳም ተቀብዬ እወጣለሁ፣ ቆጥሬ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ልብስ እየተኮስኩ ስለነበር ሳልወጣ "ሰባት" አልኳቸው።

"ውሸታም!" አሉኝ። "እኔ ከዚህ ሆኜ ዘጠኝ ይታየኛል።" ከዚያ ሁለታችንም በሳቅ ወደቅን። ከዚያን ቀን ወዲህ ነው እውነተኛ ወዳጆች የሆንነው።

ጥቅምት ላይ ሙቀቱ ሰበር ሲል የማዳም ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው፣ አንድ ክብ ቦርሳ ይዛ ገባች። በስልኳ ያዘዘችው ነው። ትልቅ ሰፌድ ያህላል፣ ክብደቱ ግን ኢምንት ነው። ዩማንና እናቷን ሳሎን ሰብስባ "አሁን ተመልከቱ!" አለችና ዚፑን ከፈተች።

ተመልከቱ ያለችውን እኛ አላየንም፤ በጣም ፈጣን ነበር። የሆነ ነገር ዘሎ ከቦርሳው ወጣ፣ በአየር ላይ ተገለበጠ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የቴምር ሳህን ጠራርጎ ጣለና ሳሎኑ መካከል ቤት ሆኖ ቆመ። ማዳም ጮኸች። እኔ "በስመ አብ!" ብዬ ከሶፋው ኋላ ተደበቅሁ። ቤቱ አራት ሰው ያስቀምጣል። ግድግዳውም ጣሪያውም ስስ መረብ፣ ወለሉ ሸራ፣ በሩ ዚፕ ነው። ዙሪያውን የያዘው ልምጥ ልምጥ የሚል ቀጭን ሽቦ ነው፤ መረቡ ትንኝ እንኳ አያስገባም።

"ለዩማ ነው" አለች ልጅቷ። "ጓሮ ይወጡበታል።"

ቦርሳው ውስጥ አራት ሹል ብረቶችም ነበሩ። ወለል ላይ ተበታትነው ሳገኛቸው ለሥጋ መጥበሻ የመጡ ስለመሰለኝ አጥቤ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

በማግስቱ ቤቱን ከዛፉ ሥር ዘረጋነው። ዩማ በር ላይ ሲደርሱ ግን ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙ።

"አልገባም" አሉ። "ዓሣ ነኝ እንዴ? አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር። መረብ ውስጥ የገባ ነገር ተመልሶ ሲወጣ አላየሁም።"

ማዳም ለመነች። ልጅቷ ለመነች። ዩማ ወይ ፍንክች። እኔ የሻዩን ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ፣ ሻዩም እየቀዘቀዘ ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ትሪውን እንደያዝኩ ዘው ብዬ ገባሁ፣ ዚፑን ከውስጥ ዘጋሁትና "ዩማ፣ እኔ ተይዣለሁ! ሻዩም አብሮኝ ተይዟል፤ መጥተው ያስፈቱን!" አልኩ።

ማዳም ልትቆጣኝ አፏን ስትከፍት ዩማ ቀድመዋት ሳቁ። ምርኩዛቸውን ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው፣ ጎንበስ ብለው ገቡ። ትራስ አመቻቸሁላቸው። ሻያቸውን አንድ ጊዜ ፉት አሉና ዙሪያቸውን ማየት ጀመሩ፤ ቅጠሉን፣ ግንዱን፣ ግንቡን፣ ሰማዩን። ብዙ ቆዩ። ድንገት አንድ ተርብ መጥቶ ከፊታቸው ፊት ለፊት መረቡ ላይ አረፈ። ማዳም ክው አለች። ዩማ ግን አፍንጫቸው መረቡን እስኪነካ ድረስ ተጠጉትና "አሁንስ? እስቲ ና!" አሉት። ተርቡ ጥቂት ወዲያ ወዲህ ብሎ ሄደ። "ሂድ!" አሉት በድል፣ "ለዘመዶችህም ንገራቸው!"

ችግሩ የመጣው ሲታጠፍ ነው። አስተጣጠፉን የሚያሳየው ወረቀት ሥዕል ብቻ ነው፤ ሥዕሉ ላይ አንድ ፈገግ ያለ ሰው በሦስት እርምጃ ያጥፈዋል። ልጅቷ ሞከረች፤ አመለጣት። ማዳም ሞከረች፤ ተፈናጥሮ መነጽሯን አወለቀው። ባባ፣ የማዳም ባል፣ መሐንዲስ ነው፤ "አምጡት ወዲህ" ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ተንበረከከበት፣ ተኛበት፣ መጨረሻ ላይ ውስጡ ገብቶ ተጠቀለለና እኛ ነን ያወጣነው። "ታጥፎ ምን ይሠራል? እንደቆመ ይደር" አለ። እንደቆመ አደረ። ሦስት ቀን እንደዚያው ሆነ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጦዝ የሚሉት የአቧራ ነፋስ ተነሣ። ዩማን ወደ ቤት አስገብቼ ትራሶቹን ላወጣ ስመለስ የመረብ ቤቱ ከመሬት ተነሥቶ ሲንሳፈፍ አየሁት። ሮጬ በሩን ያዝኩ። እየጎተተኝ ሄደ። ነጠላ ጫማዬ ወለቀ። እኔ ወደ ታች እሱ ወደ ላይ ስንታገል ዚፑ ከእጄ ሾለከና ቤቱ ብድግ አለ፤ ግንቡን ዘለለ። ዩማ ከመስኮቱ ሆነው ያጨበጭባሉ።

ከግንቡ ማዶ አንዲት ሴት ጮኸች።

"ወይኔ ጉዴ! ኧረ በአላህ! ሰማዩ ነው እንዴ የወረደብኝ?"

በአማርኛ ነው።

ባዶ እግሬን እንደቆምኩ ቀረሁ። እዚያ ቤት የምትሠራ ሴት እንዳለች አውቃለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ቆሻሻ ስንደፋ ጠዋት ጠዋት በዐረብኛ ሰላም ተባብለናል። ዐረብኛዋ እንደ ውሃ ስለሚፈስ ሱዳናዊት ናት ብዬ ደምድሜ ነበር።

"አበሻ ነሽ እንዴ?" ብዬ ጮህኩ።

ከማዶ "አንቺስ?" የሚል ድምፅ መጣ።

"ነኝ እንጂ! ከሸዋ ሮቢት!"

"የባቲ ልጅ ነኝ! ስምንት ወር ሙሉ ህንድ ነው ያደረግኩሽ እኮ!" አለችና ሳቋን ለቀቀችው። እኔ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። አፌን በአማርኛ ከከፈትኩ፣ በስልክ ካልሆነ በቀር፣ ስንት ጊዜዬ ነው!

ለማዳም ነግሬ ዞሬ ሄድኩ። ጎረቤቴ በሩን ከፈተችልኝ፣ ሳንተዋወቅ እንደተዋወቀ ሰው ተቃቀፍን። ረዘም ያለች፣ ጥርሰ ፍንጭት ናት። የመረብ ቤታችን አበባዎቹ መካከል ተቀምጧል፤ ምንም አልሆነም። ብቻ በጠባቡ በር አልወጣ አለ።

"እጠፊዋ" አለችኝ።

"መሐንዲስ አቅቶት!"

"እኛ ቤት የልጆች ድንኳን አለ፣ እንደዚሁ ነው። ብቻውን የሚያጥፈው ሰው የለም። ያዢልኝ ከዚህ። አጥብቀሽ ያዢ፣ እንዳትለቂ! አሁን እኔ ወደኔ ስጠመዝዘው አንቺ ወዳንቺ ግፊው። ስምንት ቁጥር ይሆናል፤ አየሽ? በይ ተጫኚው!"

ተጫንኩት። ያ ሁሉ ቤት እጃችን ውስጥ ተሰብስቦ ሰፌድ ሆነ። ሁለታችንም እንደ ሕፃን ጮህን። የሷ ማዳም ምን መጣ ብላ እስክትወጣ ድረስ ነው የሳቅነው።

ይዤው ቤት ስመለስ ልጅቷ ወረቀቱን እያገላበጠች "መሬት ላይ የሚቸነክሩት አራት ብረቶች ነበሩት፤ የት ሄዱ?" አለች። የኔ ፊት ነገራቸው። መሳቢያውን ከፍቼ አወጣኋቸው። ማዳም ብረቶቹን አየች፣ ባባን አየችው። ዓርብ ዕለት ሥጋውን ጠብሶ የበላው በነሱ ነበር። "ታዲያ ሥጋው ግሩም ነበር እኮ" አለ ባባ፣ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ከዚያ በኋላ ማዳም ቆረጠች፤ ቤቱ ይቸነከራል፣ በየቀኑም ከመግሪብ ሶላት በፊት ይታጠፋል። ለማጠፍ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ማዳም ለጎረቤቷ ደወለች፣ ጎረቤቷም እሺ አለች። ስለዚህ የባቲዋ ልጅ በየቀኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትመጣለች። መጀመሪያ ላይ አጥፈን እንለያያለን። ጥቂት እንደቆየን ግን ቀደም ብላ መምጣት ጀመረች፣ ዩማም "ግቢ ግቢ፣ ትንኝ ታስገቢያለሽ" እያሉ ከመረቡ ውስጥ ያስቀምጧታል። የባቲ ገበያን ትነግራቸዋለች፤ ግመሉን፣ ጨውን፣ ሰኞ ሰኞ የሚፈሰውን ሰው። እሳቸው ደግሞ አባታቸው ከባሕር ሲመለስ ሴቶቹ ዳርቻው ላይ እንዴት ይጠብቁ እንደነበር ይነግሩናል። እሷ ለኔ ከዐረብኛው ያመለጠኝን ትተረጉምልኛለች።

አንድ ቀን አጥፈን ቦርሳው ውስጥ ከተን ልንለያይ ስንል ዩማ ጠሩን።

"አልታጠፈም" አሉ።

"ታጥፏል ዩማ፤ ይኸው ቦርሳው።"

"ጥግ ላይ ወጣ ያለ ነገር ይታየኛል። ክፈቱትና እንደገና እጠፉት።"

ከፍተን አጠፍን። በማግስቱም ጥግ ላይ ወጣ ያለ ነገር ታያቸው። በሦስተኛው ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። ቀና ብዬ ሳያቸው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ወደ ሌላ ያያሉ፤ ከንፈራቸው ግን ሳቅ ይዟል። ከዚያ በኋላ እኛም ቀስ ብለን ማጠፍ ተማርን። እስክንጨርስ የእናቶቻችንን ጤና፣ የእህቶቻችንን ሠርግ፣ የገናና የመውሊድን ወሬ ሁሉ እናዳርሳለን።

ታኅሣሥ ላይ ሦስታችንም ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የኩዌት ሰማይ ጠቆረ። ጠብታዎቹ በመረቡ አልፈው እጄ ላይ ሲያርፉ ትራሶቹን ሰበሰብኩ። "ዩማ፣ እንነሣ" አልኩ። ዩማ መዳፋቸውን ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዝናቡ በረታ። ማዳም ጃንጥላ ይዛ እየሮጠች መጣች። ዚፑን ልትከፍት ብትስበው ጨርቁን ነከሰ፤ ወይ አይከፈት፣ ወይ አይዘጋ።

"ዩማ፣ ይታመማሉ! አንቺስ ምን ታያለሽ? አስወጫቸው እንጂ!" አለችኝ።

"የነደፈኝ ተርብ ነው" አሉ ዩማ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ። "ዝናብ ነድፎኝ አያውቅም።"

ነፋሱ የማዳምን ጃንጥላ ገለበጠው። ተተኩሶ የተሠራው ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጠፈ። ቆማ አየችን፤ ዝናብ ያራሳቸው ሦስት ሴቶች መረብ ውስጥ። ልትቆጣ የጀመረችው መካከል ላይ ሳቅ ሆነባት። ጃንጥላውን ወረወረችና ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፣ ከእናቷ መረቡ ብቻ ለይቷት። ዩማ በመረቡ በኩል መዳፋቸውን ከልጃቸው መዳፍ ጋር አጋጠሙ። የባቲዋ ልጅ ጎኔን ጎሸም አድርጋ በጆሮዬ "አልቅሰሽ እንዳታስለቅሺኝ" አለችኝ። እሷ ግን ቀድማኝ እያለቀሰች ነበር።

ዩማ አልታመሙም፤ ሲያስነጥስ የከረመው ባባ ነው፣ እሱ ደግሞ ከቤት አልወጣም። የጎረቤቴ አሠሪዎች ዘንድሮ ሳባህ አል-ሳሌም ወደሚባል ሰፈር ቤት ቀየሩ፣ እሷም አብራቸው ሄደች። የሄደች ቀን ማዳም ሳትጠየቅ "ዓርብ ዓርብ ሹፌሩ ያመጣታል፤ ተነጋግሬያለሁ" አለችኝ። በሌሎቹ ቀናት ከኔ ጋር የምታጥፈው ማዳም ራሷ ናት። ገና አልለመደችም። ስምንት ቁጥሩ ጋ ስትደርስ ትስታለች፣ ይፈናጠርባታል፣ ትሳደባለች። እኔም እንደተማርኩት አድርጌ "አጥብቀሽ ያዢ፣ እንዳትለቂ!" እላታለሁ፤ በአማርኛ። ምን እንዳልኳት ጠይቃኝ አታውቅም፣ ግን አጥብቃ ትይዛለች።