በረዶ የጠራው አባት

አባቴ ሩስቴም የካርስን ተራራ መንገድ ከበረዶ ሲጠርግ ኖሮ ጸጉሩም በረዶ መሰለ። የስንቱን ሙሽራ መንገድ ከፍቷል። በመንደራችን ግን የሙሽሪት አባት ልጁን ከደጃፍ ሸኝቶ ይቀራል እንጂ ሰርጓን አያይም።

እኔ በተዳርኩ ቀን፣ ከእናቴ ጋር እንደተነሳን ውሽንፍሩ ሰማይና ምድሩን አንድ አደረገው። የተሳፈርንበት የሙሽራው አጎት መኪና በረዶ ውስጥ ተቀረቀረ። አባቴ የበረዶ መጥረጊያ መኪናውን አስነስቶ ከፊታችን ገባ።

«ሩስቴም፣ ይህን በረዶ ያዘነብከው አንተ ነህ፤ መቅረቱን ሆድህ እምቢ ቢልህ» አለ አጎትየው እየሳቀ።

«ዕድሜ ልኬን ስጠርገው ኖሬ፣ አንድ ቀን ውለታዬን ቢመልስ ምን አለበት?»

ነጭ ቀሚሴን ሰብስቤ ከእናቴ ጋር መጥረጊያ መኪናው ውስጥ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። እናቴ ታንጎራጉራለች፤ አባቴ እንደ ኤሊ ይነዳል።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ምን ያንቀረፍፍሃል?»

«ሙሽራ ይዣለሁ» አላት።

ከሙሽራው ቤት ስንደርስ አባቴ ልማዱን አክብሮ ሊመለስ መሪውን አዞረ። የባሌ እናት ግን የመኪናውን ቁልፍ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት።

«በረዶ የጠራውን እንግዳ እኛ አንመልስም» አሉ።

አባቴም ትከሻው ላይ ያለው በረዶ እስኪቀልጥ ጨፈረ።