ከካርቱም ሁለት የገዛነው ግራፊክስ ካርድ

እናቴ እስከ ዛሬ ኮምቦልቻ ገበያ ስንወጣ አሮጌ ዕቃ ካየች ፊቷን ታዞራለች። እኔ በሆዴ እስቃለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ካርቱም ይናፍቀኛል። ያ አቧራ፣ ያ ሙቀት፣ ያ አንጀት የሚያላውስ ረክሻ፣ የእኛው ባጃጅ፣ እንኳ ይናፈቃል? ወላሂ ይናፈቃል። ከሁሉ የሚናፍቀኝ ግን ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር የነበረች አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ሱቅ ናት። ከጦርነቱ በኋላ ትኑር አትኑር አላውቅም፤ የነገረኝም ሰው የለም።

ያኔ የሕንፃ ንድፍ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ሱዳናዊ ነበር፤ እሱ ካረፈ በኋላ ጀሪፍ ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ቀረን። እሷ የወሎ ልጅ ናት፤ እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራለች፣ ጠዋት ሄዳ ማታ ትመለሳለች። ኮምፒውተሬም የመጣው ከዚያው ቪላ ነው፤ የእመቤቲቱ ልጅ ሌላ ሲገዛ "ለልጅሽ ውሰጂላት" ተባለች። ደግ ሰዎች ነበሩ፣ አልዋሽም። ችግሩ የዓመቱ መጨረሻ ሥራዬ አንድ ሙሉ ቤት በኮምፒውተር መሣል መሆኑ ነበር፤ ብርሃኑ፣ ጥላው፣ መስኮቱ ሁሉ እንደ ፎቶ ጥርት ብሎ መውጣት አለበት። ያ ኮምፒውተር ደግሞ ቤቱን ላዟዙረው ስል ቀጥ ይላል። ካላስረከብኩ ዓመቱን ልደግም ነው፤ ለመድገም የሚከፈል ስለሌለን ትምህርቴ እዚያው ላይ ሊያበቃ ነው። መድኃኒቱ ካርት ሻሻ ነው አሉኝ፤ እዚያ ግራፊክስ ካርድን የምንጠራው እንደዚያ ነበር።

ኮምፒውተሩን ረክሻ ላይ ጭነን ሄድን። እናቴ መቼም ገንዘብ በእጄ አትሰጥም፤ እንደ ሱዳን ሴቶች በምትከናነበው ቶብ ጫፍ ቋጥራ ራሷ ይዛው መጣች። ባለ ሱቁ ረጋ ያለ ሱዳናዊ ነበር፤ "ያ ኻልታ"፣ አክስቴ፣ ብሎ ወንበር ሰጣትና ሁለት ካርድ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ዋጋቸው እኩል ነው። አንደኛው አዲስ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ግን ጉልበት የሌለው። ሁለተኛው ከጌም ቤት የወጣ፣ ማራገቢያው አቧራ የጠጣ፣ ጉልበቱ ግን የዋዛ አይደለም። እኔ ሳላመነታ አሮጌውን አልኩ።

እናቴ "ሙስተዕመል" የምትለዋን ቃል፣ ሰው የተገለገለበት ማለት ነው፣ ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። እኛ ቤት ከማንኪያ እስከ መጋረጃ የሰው ቤት ያልዞረ ዕቃ አልነበረም። ዒድ በመጣ ቁጥር ከቪላው ከረጢት ሙሉ ልብስ ይመጣል፤ እኔም ያደግሁት ያንን ለብሼ ነው። ስለዚህ በራሷ ገንዘብ የምትገዛው ነገር፣ መርፌም ይሁን፣ ከነማሸጊያው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ ይኸው ነው ነገሯ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ወለል የወለወልኩት ለልጄ የሰው ትራፊ በገንዘቤ ልገዛ ነው ወይ፣ አለች። እኔም የእሷው ልጅ ነኝ፣ ቱግ አልኩ፤ ካርቶን ቤት አይስልም አልኳት። ባለ ሱቁ አማርኛ አይሰማም፤ ነገሩ ሲከር ግን አቀርቅሮ ሻዩን መጠጣት ጀመረ። በመጨረሻ ሁለቱንም በየተራ እንዲሞክርልን ለመንኩት።

መጀመሪያ አዲሱን ሰካ። ቤቴ ስክሪኑ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ግማሹ ጨለመ፣ ቀጥ አለ። እናቴ ገና ሳይሞቅ ነው፣ ትንሽ ታገሡት አለች፤ ሰዓቱ እየሄደ ቤቱ ፍንክች አላለም። አሮጌውን ሲሰካው ማራገቢያው ጮኸ፤ ከዚያ ቤቱ ቦግ አለ። የጠዋት ፀሐይ ወጥ ቤቱን አልፋ ከጀርባው ባለች ትንሽ ክፍል ወለል ላይ ተዘርግታለች። እናቴ ከወንበሯ ተነሥታ ስክሪኑን በጣቷ ነካች።

"ይቺ ክፍል የማናት?"

"የሠራተኛዋ።"

እናቴ አባቴን ሳታገባ በፊት እዚያው ሪያድ ሰፈር አዳሪ ሠራተኛ ነበረች። የምትተኛው መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በጋዝ ሲሊንደርና በሽንኩርት ጆንያ መሃል ነበር። መንጋቱን የምታውቀው በአዛን ነው። ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱንም እየሳቀች። ቤቱን ስስል ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም።

ፀሐይ ይገባላታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጠዋት ጠዋት አዎ አልኳት። የቶቧን ቋጠሮ ፈታች። ለአንድ እስር ሙሉኺያ፣ ለወጥ ቅጠል፣ ግማሽ ቀን የምትከራከር ሴት፣ ቀንስልኝ እንኳ ሳትል አሮጌውን ስጣት አለችው። ላቅፋት ፈልጌ ሰውየውን አፈርኩት።

ስንመለስ ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ አቅፋ ሄደች። ሥራዬን በቀኑ እንደማስረክብ ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። ጀሪፍ ልንደርስ ስንል ነው የረክሻው ሾፌር አማርኛ የሚሰማ ይመስል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ያለችው።

"የሠራተኛዋ በር ላይ ቁልፍ አድርጊላት" አለችኝ። "ከውስጥ የሚቆለፍ።"