ሦስት ጊዜ የተቀጠለው ገመድ

ላሊበላ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል

ወደ ሙጃ የሚሄደው ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል፤ ውስጡ የተቀመጥነው አራት ነን። እንዲህ ያለውን ውሸት ለምጄዋለሁ። የአሸተን ማርያም ተራራ ጫፉ መቅላት ጀምሯል፣ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል። ቁራሽ አምባሻ በሻይ በልቼ ነው የተሳፈርኩት። ቦርሳዬ ውስጥ አራት ገጽ አቤቱታ ይዣለሁ። መምህር ነኝና በአማርኛዬ አልታማም።

የምሄደው ወንዝ ዳር ወዳለው የእናቴ አገር ነው። እዚያ አንድ ድርጅት ለመንገድ ሥራ ጠጠር ይቆፍራል። ቁፋሮው ከተጀመረ ወዲህ የመንደሩ ጉድጓድ ውሃው እየሸሸ ሄደ። ዛሬ ፈቃዱ ይታደስ አይታደስ የሚመከርበት ስብሰባ አለ። የወንዙ ውሃ አይጠጣምና፣ ከታደሰ ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ሸለቆ መውረዳቸው ነው፤ አክስቴ እትዬ አሰለፈች ደግሞ በዚያ ጉልበታቸው አይችሉትም።

መንገድ ላይ፣ 2 ሰዓት

የገብሱ ክምር በየአውድማው ቆሟል። ጠጠር የጫኑ ገልባጮች አቧራ አልብሰውን ያልፋሉ። ሹፌሩ የምሄድበትን ሲሰማ ዘወር አለ።

«ጠጠሩ ካልተቆፈረ በምን ልንሄድ ነው መምህር? ይኸው ኮረኮንቹ ጎማዬን ጨረሰው።»

«መንገዱንማ እኛም እንፈልጋለን። ውሃችንን ሳይጠጡብን ይሥሩት ነው የምንለው።»

«እሱስ እውነት ነው» አለና የፊት መስታወቱን ጠረገ።

ቁፋሮው አጠገብ፣ 4 ሰዓት

የጎመን መደብ የነበረው ቦታ ገደል ሆኗል። ከሥሩ ውሃ ስለሚፈልቅባቸው ቆፋሪዎቹ በፓምፕ እየሳቡ ወንዙ ውስጥ ይደፉታል።

ስብሰባው ግራር ሥር ነው። ከወረዳ የመጣው የውሃ ባለሙያ ወጣት ነው፣ ጫማው ጭቃ የነካው። አቤቱታዬን ድምፄን ሞልቼ አነበብኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ ሽማግሌ ማንኮራፋት ጀመሩ።

«ጽሑፉ ጥሩ ነው መምህር» አለ ባለሙያው። «ማስረጃው የታለ?»

የድርጅቱ ተወካይ ቀበል አድርጎ «ድርቅ ነው፤ አምና ዝናቡ አነሰ። እኛ ምን እናድርግ?» አለ።

እትዬ አሰለፈች ተነሱ። የጉድጓዱን ገመድ ጠምጥመው ትከሻቸው ላይ አንግተውት ነበር፤ መሬት ላይ ዘረጉት። መጀመሪያው አሮጌ ቃጫ ነው፤ ከዚያ ሰማያዊ ናይሎን፣ ከዚያ የበሬ ጠፍር፣ መጨረሻው የተገመደ ጨርቅ።

«ማሽኑ የገባ ለሰኔ ሚካኤል ነው። እስከዚያ ድረስ ይኸ ቃጫ ብቻውን ይበቃን ነበር። ባልዲው ውሃ አልነካ ሲል ይህቺን ለፍልሰታ ቀጠልናት። ይህቺን ለመስቀል። ይህቺን ደግሞ ለገና።»

ባለሙያው ብዕሩን አነሳ። «ለፍልሰታ ነው ያሉኝ? በክረምት?»

«አዎን ልጄ። ዝናቡ እየጣለ፣ እኛ ገመድ እንቀጥላለን።»

አክስቴ ገና አልጨረሱም። «ከወንዙ ማዶ፣ ከቁፋሮው ርቆ፣ የጎረቤት መንደር ጉድጓድ አለ። የዚያ ገመድ አንድም ቅጥል የለበትም። ድርቅ ከሆነ እሱን ለምን ማረው?»

ማዶ፣ 6 ሰዓት

ባለሙያው አላመነም፤ ሁላችንን አስከትሎ ተሻገረ። የማዶው ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያው ቃጫ ነው። ባልዲው ሲወርድ ውሃው ቶሎ ተቀበለው። ባለሙያው ቃሉን አላሽሞነሞነም፤ ፓምፑ ዛሬውኑ ይቁም፣ ውሃው ወደ ቦታው እስኪመለስም ፈቃዱ አይታደስ አለ። ስብሰባውን የሚመሩት የወረዳው ኃላፊም ተስማሙ። እኒያ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት የእናቴ እህት ናቸው እያልኩ ለማላውቀው ሁሉ አወራሁ። ኩራቴን ምን ብዬ ልደብቀው!

መንደር፣ 9 ሰዓት

ፓምፑ ጸጥ ብሏል። ባለሙያው ቃለ ጉባኤውን እኔን አስያዘኝና ገመዱን ይጠቀልል ጀመር።

«ማስረጃ ስለሆነ ቢሮ እወስደዋለሁ፣ እማማ።»

«እኛስ በምን ልንቀዳ ነው?» አሉ አክስቴ፣ ጫፉን እንደያዙ። «ቢሮው መጥቶ ይየው።»

ባለሙያው ሳቀ፣ ተንበረከከና ገመዱን ቅጥል በቅጥል በሜትር ለካው። አክስቴ ወዲያው ባልዲውን አስረው ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። እኔም እሱ እንዳለኝ አድርጌ የመጨረሻውን መስመር ጻፍኩ፦ «ማስረጃው ሥራ ላይ ስለሆነ ከጉድጓዱ አፍ አልተነሳም።»