ያላለቀው መድኃኒት

መካነ ሰላም ውስጥ የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ሆኜ ስሠራ የምኮራበት አንድ ነገር ነበረኝ፤ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ሰንጠረዥ። ለየቀበሌው ጤና ኬላ መድኃኒት የምናከፋፍለው እኛ ነበርን። ወሩ ሲያልቅ ለኬላዎቹ እየደወልኩ «አለ ወይስ አልቋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ያለበትን አረንጓዴ፣ ያለቀበትን ቀይ እቀባለሁ። ቀይ ያስቀባኝን ደግሞ በስልክ ልክ ልኩን እነግረዋለሁ። ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። ዓመት ሳይሞላ ግድግዳው አረንጓዴ ብቻ ሆነ፤ ከዞን የመጡ እንግዶች ሳይቀሩ ፎቶ አነሱት።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ከአረብ አገር የተመለሰች ወጣት እናት ልጇን አዝላ መጋዘኑ በር ላይ ቆመች። ጤና ጣቢያው መስሏት ነው። የልጁ ትንፋሽ ከሩቅ ይሰማል። የቀበሌዋ ኬላ «የሳንባ ምች መድኃኒት የለም» ብሎ ስለመለሳት በጭነት መኪና ተሳፍራ መምጣቷን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። የዚያ ኬላ ረድፍ አረንጓዴ እኮ ነው! ጤና ጣቢያው ድረስ ወሰድኳትና ወዲያው ለኬላዋ ሠራተኛ ደወልኩ።

«መድኃኒቱ አለ ብለሽኝ አልነበር?»

«አለ እኮ ጋሼ። ለአንድ ልጅ የሚበቃ ቀርቷል።»

«ታዲያ ለምን አልሰጠሻትም?»

«የመጨረሻው ነዋ! ዕቃ ተሟጦ ከተጠረገ በረካው ይሄዳል። ደግሞስ አልቋል ብልዎት፣ ወላሂ ከእርስዎ ጩኸት ማን ያስጥለኛል?»

የበረካው ነገር አልገረመኝም። እኛም ቤት ጎተራ ተጠርጎ አያውቅም፤ አንድ እፍኝ ይተውለታል። ያሳፈረኝ ሁለተኛው፣ ጩኸቴን ፈርታ «አለ» ማለቷ ነው። እኔ ስለካ የኖርኩት መድኃኒቱ ከሳጥን አለመውጣቱን እንጂ በሽተኛ እጅ መግባቱን አልነበረም።

ልጁ ደህና ሆኖ ከጤና ጣቢያው ወጣ። እኔም ሰንጠረዡን ቀድጄ ጥያቄዬን ቀየርኩ፤ «ስንት ሰው ባዶ እጁን መለሳችሁ?» አልቆጣም ብዬም ማልኩላቸው። አዲሱ ሰንጠረዥ ሲቀላ አለቃዬ «ምን ነካህ? አፈጻጸማችን ወደቀ እኮ!» አለኝ። ግን የጎደለው የት እንደሆነ ስላወቅን ወር ሳንጠብቅ መላክ ጀመርን።

ያቺ ሠራተኛ ያለፈውን ወር ጭምር እንድትጽፍልኝ ጠይቄያት ነበር። ወረቀቷ ሲደርሰኝ «ሰባት» ይላል። አንዷን አውቃታለሁ። ለሠራተኛዋ ደወልኩላት።

«ሌሎቹ ስድስትስ የት ሄዱ?»

«ወደ ቤታቸው ነዋ ጋሼ» አለችኝ።