ሎሚ የሌለበት የጋሽ ተፈራ ዓሣ

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር እዚህ ስዊድን ፋርስታ የሚባል የገበያ ማዕከል ገብተን ሳለ፣ ጥሬ ዓሣ በጎድጓዳ ሳህን እያዘጋጀ የሚሸጥ አዲስ ቤት አየን። በሩ ላይ የዘንባባ ዛፍና የባሕር ማዕበል ተስሏል። ልጄ ቆም ብላ «አር ደት ኒቲግት፣ ማማ?» አለችኝ፤ ለጤና ይስማማል ወይ ማለቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። ዕድሜዬን በሆስፒታል የበሽተኞች ምግብ ላይ ስለሠራሁ መልሱ አይጠፋኝም ነበር። ነገር ግን ጋሽ ተፈራ ትዝ አሉኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ሃያ ዓመት ሆኖኝ ነበር። የምኖረው ሄሰልቢ፣ ባቡሩ መንገዱን በሚጨርስበት ሠፈር፣ ከእናቴ ታናሽ እህት ከአስቴር ጋር ነው። ቀን ቀን ኮምቩክስ በሚሉት የጎልማሶች ትምህርት ቤት የነርስ ረዳትነት እማራለሁ። አክስቴ አንዷን ክፍል ለጋሽ ተፈራ አከራይታቸው ነበር። ሃምሳን ያለፉ፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ሲሄዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። መርከበኛ ነበርኩ ከማለት በቀር ስለ ራሳቸው አያወሩም። አገርዎ የት ነው፣ ዘመድ አለዎት ወይ ሲባሉ፣ ወሬውን ወደ ብርዱ ይወስዱታል።

በዚያ ዘመን ዝምተኛ ሰው ያስፈራ ነበር። ደርግ ከወደቀ ገና ብዙ አልቆየም። በቤተ ክርስቲያናችን ወንድሙ የታሰረበት፣ አባቱ የተገደለበት ሰው ሞልቷል። አዲስ ሰው ሲመጣ እጁን ጨብጠን «ጌታ ይባርክህ» እንላለን፤ ዞር ሲል ደግሞ ምን ሲሠራ የኖረ ሰው ይሆን እንባባላለን። ጋሽ ተፈራን ከሁሉ አብልጦ የሚጠረጥረው፣ አንድ ዓሣ መሸጫ ውስጥ የሚሠራው ወንድም ብርሃኑ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ቀበሌ ተጠርቶ ሄዶ አልተመለሰም። ስለዚህ ብርሃኑ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ አክስቴ ሆዷን ኦፕራሲዮን ተደረገች። ቁስሉ ቢደርቅም የምግብ ፍላጎቷ አብሮ ደረቀ። ሾርባ ስሰጣት በማንኪያ ታማስለውና ትመልስልኛለች። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ያመጡት ወጥ ማቀዝቀዣውን ሞልቶ ተቀመጠ። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይጨልማል፤ እሷም አብራ ትጨልማለች። ቀሚሷ ሰፋት፣ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ አስቸገረ። ሐኪሙ ካልበላሽ ተመልሰሽ ትተኛለሽ ብሏታል። ሆስፒታሉን ደግሞ ከሞት እኩል ትፈራዋለች።

አንድ ቅዳሜ ቀን ጋሽ ተፈራ ወጥ ቤት ገቡ። በጨው የታሸ ሳልሞን የሚባል ዓሣ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው አሳድረው ኖሯል። አውጥተው በጣታቸው ፈለፈሉት፤ ቲማቲምና ሽንኩርት አድቅቀው ከተፉበትና ሁሉንም ባንድ ላይ በእጃቸው ያሹት ጀመር። በመጨረሻ የተሰባበረ በረዶ ጨመሩበት። እሳት የሚባል አልነካውም። ሃዋይ ላይ ለድግስ የሚቀርብ ምግብ መሆኑን፣ ስሙም ሎሚ ሎሚ መሆኑን ነገሩን። አክስቴ ሎሚው የታለ ብላ ጠየቀች። በዚያ አገር ቋንቋ «ሎሚ» ማሸት ማለት እንደሆነና ሎሚ እንደማይገባበት አስረዷት። እኔ አላመንኩም። የክትፎ አገር ልጅ ሆኜ ጥሬ ነገር ሊያስደነግጠኝ ባልተገባ፤ ዓሣው ግን ዘገነነኝ። አንድ የማናውቀው ሰው፣ በሽተኛ ለሆነች ሴት፣ ስሙ እንኳ የማይታመን ምግብ ያቀርባል።

አክስቴ ቀመሰች። ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። ነገ ይሠራ እንደሆነም ጠየቀች።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወሬው ብርሃኑ ጋ ደረሰ። ወደ ጥግ ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ «ሳልሞን የብርድ አገር ዓሣ ነው። ሃዋይ ሙቅ ነው፤ እዚያ ባሕር ሳልሞን የለም። ሰውዬው የረገጠው አገር አይደለም። በዓሣ የዋሸ በሌላውም ይዋሻል።» አጠገቡ የነበረች ሴት ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል አለች። ጋሽ ተፈራ ከቤት ይውጡ የሚለው ምክር የተጀመረው ያን ቀን ነው።

ሰኞ የሥነ ምግብ መምህሬን ጠየቅኋት። ዓሣው ለቁስል መዳን የሚያስፈልግ ፕሮቲን አለው፣ ቅባቱም ደግ ነው አለችኝ። ፀሐይ በጠፋበት በዚህ ወራት ደግሞ ቪታሚን ዲ ከዚያ የተሻለ የሚሰጥ ምግብ ጥቂት ነው፤ ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ቪታሚን ሲ ይጨምሩበታል። ግን ሁለት ነገር አስጠነቀቀችኝ። ጥሬ ዓሣ ትል ሊኖረው ስለሚችል አስቀድሞ በረዶ ሆኖ የቆየ መሆን አለበት፤ ጨው ብቻውን አይታመንም። ደግሞም ጨው ስለሚበዛበት፣ እንደ ድንች ያለ ኃይል ሰጪም ስለሌለበት፣ ብቻውን ለደከመ ሰው ምግብ አይሆንም። መድኃኒትም መርዝም አለማለቷ አናደደኝ። ቁርጡን ፈልጌ ነበር።

ቤት ገብቼ ጋሽ ተፈራን ወጥ ቤት አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ዓሣው በረዶ ሆኖ የቆየ ነው?» አልኳቸው።

እንደዚያ ሆኖ የሚሸጠውን እንደሚገዙ ነገሩኝ። የጨውንም ነገር አልካዱም፦ «ለዚህ እኮ ነው ውኃ ውስጥ የሚያድረው። እነሱም ብቻውን አይበሉትም፤ እኛ ወላይታ የምንበላውን ጎደሬ ቀቅለው ቀጥቅጠው፣ ከዚያ ጋር ነው።»

አገራቸውን ወላይታ ሲሉ የሰማሁት ገና ያን ጊዜ ነው። ደፈር ብዬ የብርሃኑን ነገር አነሣሁ፤ ሃዋይ ሳልሞን የለም ይባላል አልኳቸው። እጃቸውን አደራረቁ። ሳልሞኑ እዚያ አገር እንግዳ መሆኑን፣ ድሮ በጨው ታሽቶ በበርሜል በመርከብ የገባ መሆኑን፣ ሰዎቹም ጨውነቱን ለማለዘብ በቲማቲምና በሽንኩርት ማሸት እንደለመዱ አወሩኝ። እሳቸው ከአሰብ በግሪክ ዕቃ ጫኝ መርከብ ወጥተው ሲዞሩ፣ ሆኖሉሉ ላይ በጠና ታመው ሆስፒታል ገቡ። መርከቡ ጥሏቸው ሄደ። አንዲት የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ ቤቷ ወስዳ፣ ምግብ እንቢ ሲላቸው በዚህ ዓሣ አስጀመረቻቸው።

በማግሥቱ ቬሊንግቢ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። የበርሜሉ ታሪክ እውነት ነበር። የሆስፒታሉን፣ የሴትዮዋንና የመርከቡን ጥሏቸው መሄድ ግን የሚያጣራልኝ መጽሐፍ አልነበረም። እንዲያውም ጥርጣሬዬ መልኩን ለወጠ፤ አዋቂ ውሸታም እውነት ቀላቅሎ ነው የሚናገረው አልኩ በልቤ። ለአክስቴ ግን ዓሣውን ከተቀቀለ ድንች ጋር ማቅረብ ጀመርኩ።

ብርሃኑ ከሁለት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ሊመክራት መጣ። ስለ በርሜሉ ብነግረው አላምንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አክስቴ እስኪጨርስ አዳመጠችው። ከዚያ «ወንድሜ፣ ያየኸው ነገር ካለ ንገረኝ፤ ዛሬውኑ አስወጣቸዋለሁ። የጠረጠርከውን ከሆነ ግን፣ ጥርጣሬ እኔም ቤት አለ» አለችው። ብርሃኑ ያየው ነገር አልነበረም። ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

በረዶው ሲቀልጥ አክስቴ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ዓሣው ብቻውን አዳናት አልልም፤ የተዘጋውን ጉሮሮዋን ግን ከፍቶታል፣ ከዚያ በኋላ ሌላውንም በላች። ጋሽ ተፈራ የወደብ ሥራ አግኝተው ዬተቦሪ ወደሚባል የወደብ ከተማ ሄዱ፤ የገና በዓል በመጣ ቁጥር ይደውሉ ነበር፣ በኋላ ስልኩ ቆመ። ብርሃኑ እስከ መጨረሻው አላመናቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ በመጨረሻ ለልጄ መልሱን ነገርኳት፦ ዓሣው ደግ ነው፣ ጨውን ተጠንቀቂ፣ ከሩዝ ጋር ብዪው። ማታ አክስቴ ጋ ደወልኩና ያን ጊዜ ጋሽ ተፈራን አምናቸው እንደነበር ጠየቅኋት።

«እኔ? መኝታ ቤቴን በቁልፍ ዘግቼ ነበር የምተኛው» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት አልነገረችኝም። ታዲያ ለምን በላሽ አልኳት።

«ርቦኝ ነዋ፣ ልጄ። ከስንት ጊዜ በኋላ ራበኝ።»

ምግብ ለበሽተኛ ሳዝዝ ስንት ዓመቴ፤ በየሳህኑ ያለውን ፕሮቲንና ጨው በቃሌ አውቀዋለሁ። አክስቴ በፍርሃቷ መካከል እጇን ወደ ሳህኑ የዘረጋችበትን ነገር ግን የሥነ ምግብ ትምህርት አላስተማረኝም። ጋሽ ተፈራ ማን እንደነበሩ ዛሬም አላውቅም። በሕይወት ካሉ ግን፣ የሚበሉት ነገር እንዲጥማቸው እመኛለሁ።