ብስክሌት የያዘብኝ ወንበር

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አክስቴን ልቀበል ቆሜ ሳለ፣ አንድ ፈረንጅ ከትልቅ ካርቶን ውስጥ ብስክሌት ሲያወጣ አየሁ። ቁጢጥ ብሎ ቸርኬውን ገጠመ፣ መሪውን አቀና፣ ካቴናውን በጨርቅ ጠረገ። የግራሶውና የአዲሱ ጎማ ሽታ አፍንጫዬን ነካው። አክስቴ ወጥታ አገላብጣ ስትስመኝ እንኳ ዓይኔ ከሰውዬው አልተነሳም። "ምን ሆነሻል?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ በማላውቀው ሰው ቀናሁ ብዬ እንዴት ልንገራት?

ቅናቱ ደግሞ ከእሱ የመጣ አልነበረም። በሉባባ የቀናሁት ቅናት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከውስጤ ያልወጣ።

ሉባባ የጎረቤታችን የጋሽ ሰይድ ልጅ ነበረች። ጋሽ ሰይድ ቆቦ ዋናው መንገድ ዳር የብስክሌት መለዋወጫ ይሸጡ ነበር። ጎማዎቹ ከሱቁ ጣሪያ ላይ እንደ ቋንጣ ተንጠልጥለው ይውላሉ፤ የቆላው ሙቀት ሲበረታ ሠፈሩ ሁሉ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል። እኔ አራተኛ ክፍል ስሆን እሷ ትምህርቷን ጨርሳ አባቷን ታግዝ ነበር። ረዥም፣ ጠይም፣ ስትስቅ ድዷ የሚታይ ልጅ ናት። ሱሪዋን ከቀሚሷ ስር ለብሳ፣ ሻሿን ወደ ኋላ ጠፍንጋ አስራ፣ በአረንጓዴ ብስክሌቷ ከሱቅ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ወፍጮ ቤት ትበር ነበር። እኔ ከኋላዋ እሮጣለሁ። እናቴ፣ "ይቺ ልጅ የእኔ ናት የሉባባ?" ትል ነበር።

ከዚያ ካፒቴን ገዛኸኝ መጣ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ፣ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ አንድ ሀብታም ነበር። ሰውዬው አዲስ አበባ ተቀምጦ እርሻውን የሚጎበኘው በራሱ ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ አብራሪው ደግሞ ካፒቴን ገዛኸኝ ነበር። ጸጉሩ የሸበተ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው። አውሮፕላኑ ማሽላው ዳር ካለው ሜዳ ላይ አቧራውን አስነስቶ ሲያርፍ የከተማው ልጅ ሁሉ ይጎርፋል። ባለሀብቱን መኪና ይወስደዋል። ካፒቴኑ ግን የኋላውን በር ከፍቶ፣ ጎማው የተፈታ ብስክሌት ጎትቶ ያወጣና እዚያው ገጥሞ፣ ብቻውን እየነዳ ምሳውን ሊበላ ወደ ከተማ ይገባል። መኪና ውስጥ ተጎልቶ ሰው መጠበቅ አይወድም ነበር አሉ። ያረፈበትን አገር ሁሉ በብስክሌት አይቶታል።

አንድ ቀን የብስክሌቱ የውስጥ ጎማ፣ ካላማዳሪው፣ ተነፈሰና ወደ ጋሽ ሰይድ ሱቅ መጣ። የደፈነችለት ሉባባ ናት። ከዚያን ቀን ወዲያ በመጣ ቁጥር ሁለቱ እስከ ቀጣዩዋ ከተማ ሮቢት ድረስ ይነዳሉ፤ እኔ መንገዱ ዳር ቆሜ ጀርባቸውን አያለሁ። ጋሽ ሰይድም ወደዱት። አንድ ቀን በአየር ላይ አዞራቸውና ሲወርዱ ገዛ ጫማቸው ላይ አስመለሳቸው። "አላህ እግር የሰጠን ለምክንያት ነው" ብለው ተመልሰው አልሞከሩትም። ስለዚህ ለሱቁ ዕቃ የሚመርጥ ሰው ኮምቦልቻ መላክ ሲያስፈልግ፣ ካፒቴኑም ወደዚያው የሚሄድ ሆኖ ሲገኝ፣ ተራው የሉባባ ሆነ።

ወሬውን የነገረችኝ እሷ ራሷ ናት። ደስታዋን ፊቷ አልቻለውም። አውሮፕላኑ አራት ወንበር እንዳለው አውቃለሁ። ካፒቴኑ አንድ፣ እሷ አንድ። ባለሀብቱ የለም። ሌሊቱን ሙሉ አስቤ ጠዋት በፀሐይ መውጫ ሜዳው ላይ ተገኘሁ፤ የበዓል ቀሚሴን ለብሻለሁ።

"ካፒቴን፣ እኔስ?" አልኩት።

ካፒቴኑ የኋላውን በር ከፈተልኝ። ሁለቱ የኋላ ወንበሮች ተነቅለዋል። በቦታቸው ሁለት ብስክሌቶች፣ የእሱና የእሷ፣ ጎማቸው ተፈትቶ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ እንደተኛ ሰው በቀበቶ ታስረዋል።

"ቦታ የለም፣ የኔ ልጅ" አለ። "እዚያ ስንደርስ ከማረፊያው ወደ ከተማው የምንገባው በእነሱ ነው።"

ሉባባን አየኋት። "ብስክሌትሽን ተይዋ" አልኳት። "በእግርሽ ብትሄጂ ምን አለ?"

"ሌላ ቀን፣ ብርቅዬ" አለችኝና ጉንጬን ነካ አድርጋ ገባች።

በሰው መቅናት ምን እንደሆነ ከዚያ በፊትም አውቅ ነበር። በብርድ ልብስ በተጠቀለለ ብረት መቅናት ግን የዚያን ቀን ተማርኩ። አውሮፕላኑ ተንደርድሮ ተነሳና በወልድያ ተራሮች አቅጣጫ ጠፋ። እኔ ቤቴ ገብቼ ቀሚሴን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ከቀትር በኋላ የቀሰቀሰኝ ለቅሶ ነው። ከእርሻው ጽሕፈት ቤት ወደ ኮምቦልቻ ሲደወል አውሮፕላኑ አልደረሰም ተባለ። ወልድያም ያየው የለም። ጋሽ ሰይድ ሱቃቸው ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይወጣቸውም። እናቷን ሴቶቹ ይዘዋታል። እናቴ ነጠላዋን አገልድማ ደረቷን ትመታለች። ፖሊሶች አውሮፕላኑን ፍለጋ በመኪና ወደ ተራሮቹ ሄዱ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ የሉባባን ስም እየጠራ፣ ደግነቷን፣ ቁመቷን፣ ሳቋን እያነሳ ያለቅሳል። እኔም አልቅሻለሁ፤ እወዳት ነበር። ግን እያለቀስኩም ቢሆን ቅናቱ አልለቀቀኝም። እኔ ብሞት በወባ ነው የምሞተው፤ እሷ ሞቷ እንኳ በአውሮፕላን ሆነ።

ጥላው ወደ ምሥራቅ ሲረዝም፣ ከሮቢት በኩል የመጣ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ሳያቋርጥ እየነፋ ገባ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ "ልጅቱ መጣች! ከኋላዬ ናት!" አለ።

ሰው ሁሉ ወደ አስፋልቱ ሮጠ። ሉባባ በአረንጓዴ ብስክሌቷ፣ ሻሿ አንገቷ ላይ ወርዶ፣ ፊቷ በላብና በአቧራ ጭቃ ሆኖ፣ ግራ እጇ በጨርቅ ታስሮ፣ ቀስ እያለች ትመጣለች። ስትወርድ ጋሽ ሰይድ ደገፏት።

"ካፒቴንስ?" አሏት።

"ደህና ነው አባባ። ትከሻው ነው የተመታው። ሞተሩ ጠፍቶበት ከመርሳ ወዲያ ጊራና ሜዳ ላይ፣ የታረሰ ማሳ ውስጥ አወረደን። ገበሬዎቹ ጤና ጣቢያ ወስደውታል።"

"አልሐምዱሊላህ። ታዲያ ስልክ አትደውይም? መኪና አትሳፈሪም?"

"የመርሳ ስልክ መስመር የለውም አሉኝ። አውቶቡሶቹ ብስክሌቱን አንጭንም አሉ፤ እሱን ጥዬ ደግሞ አልመጣም። ስለዚህ ነዳሁት።"

የስሪንቃን ዳገት፣ ወልድያን፣ ጎብዬን፣ መሪውን በአንድ እጅ ይዛ አልፋ። የኔው እናት ከሁሉ ቀድማ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እኔን እንዲያ አድርጋ አቅፋኝ አታውቅም። ሉባባ በሰው መሃል አየችኝና ሳቀች።

"ብርቅዬ፣ እንኳን ቀረሽ" አለችኝ። "በብስክሌቱ ፋንታ አንቺን ይዤ ቢሆን ተሸክሜሽ ነበር የምመጣው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አውሮፕላኑ ክንፉ ተፈትቶ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ተወሰደ፤ ከዚያ ወዲያ ቆቦ አላረፈም። ካፒቴኑ አንድ ጊዜ በአውቶቡስ መጥቶ ጋሽ ሰይድን ይቅርታ ጠየቀ፤ እሳቸውም ምሳ አብልተው ሸኙት። ሉባባ አፋር፣ ሎጊያ ከተማ አገባች። አሁን እዚያ የጎማ መሸጫ አላት፣ ልጆቿም አድገዋል። እኔ እዚሁ ቆቦ አስተማሪ ሆኛለሁ። ሰው ስለ እሷ ሲያወራ፣ ያንን መንገድ ባየሁት ቁጥር፣ የተነቀሉት ወንበሮች ይመጡብኛል። ከእነዚያ ወንበሮች አንዱ የእኔ ነበር እያልኩ ኖሬያለሁ።

አክስቴን በተቀበልኩ በሦስተኛው ቀን፣ ለአረፋ፣ እናቷን ልትጠይቅ መጥታ እኛ ቤት ጎራ አለች። ወፍራለች፤ ግራ እጇ አሁንም ሙሉ በሙሉ አይጨበጥም። ብቻችንን ስንሆን፣ ስንት ዓመት ያልነገርኳትን፣ ያን ቀን እንዴት እንደቀናሁባት ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር።

አልሳቀችም። የሻይ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ቀትር ላይ ጎብዬ ስደርስ" አለች፣ "እጄ አብጦ ፍሬን መያዝ አቅቶኝ ወረድኩ። ውሃ የሰጡኝ ሴቶች ዛፍ ስር ተቀምጠው እየሳቁ ያወራሉ። ዳር ላይ አንቺን የምታህል ልጅ እናቷ ጭን ላይ ተኝታለች። ብርቅዬ ይሄኔ እንዲህ ተኝታለች አልኩ። አየሩ ላይ ሆነን ሞተሩ ጸጥ ሲል የሰማሁት ጸጥታ ከጆሮዬ አልወጣም ነበር። እንደዚያች ሰዓት በሰው ቀንቼ አላውቅም። በአንቺ ነው የቀናሁት።"

ጥቂት ተቀምጣ፣ መኪና እንዳያመልጠኝ ብላ ተነሳች። በራችን ላይ ስንሰነባበት፣ እንደ ልጅነቴ ጉንጬን ነካ አድርጋ ሄደች። በዚያ ሰዓት እኔ በእርግጥ ተኝቼ ነበር፣ ከነቀሚሴ። እኔ የእሷን ወንበር ስመኝ፣ እሷ የተመኘችው ቦታ ላይ ተኝቼ እንደነበር ሳላውቅ ኖርኩ፤ እሷ ግን ይህን እስካሁን ይዛልኝ ኖራ፣ አሁን ሰጥታኝ ሄደች።